የአምስተኛውን ሯጭ ሰዓት ይያዙ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ስድስት ኪሎ አካባቢ ባለ ኮሌጅ የስፖርት መምህር ነኝ። ዘንድሮ የአገር አቋራጭ ቡድኑን ያዝ ተባልኩ። 14 ተማሪዎች አሉኝ፤ 9 ወንዶችና 5 ሴቶች። ሁለቱ ወንዶች ከክለብ ሯጭ አይተናነሱም። የቀሩት ግን ገና ናቸው፤ ጠዋት የሚቀሩም አሉ። የሳምንቱን ልምምድ እንዴት ላውጣ? የውጭ አገር የኮሌጅ ቡድኖች የራሳቸው ወግ አላቸው ሲባልም እሰማለሁ። እኛስ ከየት እንጀምር?»

መምህር፣ ጥያቄዎ ደስ አሰኝቶኛል። ብዙ ጊዜ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ አንድ ጎበዝ ልጅ ነው። እርስዎ ስለ 14ቱም ጠየቁ።

መጀመሪያ ነጥብ እንዴት እንደሚቆጠር እንነጋገር። ልምምዱም ወጉም የሚወጣው ከዚያ ነው። አገር አቋራጭ ሲያዩት የግል ሩጫ ይመስላል። ሲቆጠር ግን የቡድን ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች አንድ ቡድን 7 ሯጭ ያሰልፋል። ቀድመው የገቡት 5ቱ ያገኙት ደረጃ ይደመራል። ድምሩ ያነሰለት ቡድን ያሸንፋል። ስድስተኛውና ሰባተኛው ነጥባቸው አይደመርም። ነገር ግን የሌላ ቡድን ሰው ከቀደሙ የዚያን ሰው ደረጃ ወደ ኋላ ይገፉታል። በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ደግሞ 6 ይሰለፋሉ፤ የ4ቱ ይቆጠራል።

ወረቀት ያውጡና ይሞክሩት። የአንዱ ኮሌጅ ልጆች 1ኛ፣ 2ኛና 3ኛ ወጡ እንበል። አራተኛው ልጃቸው 20ኛ፣ አምስተኛው 25ኛ ገባ። ድምሩ 51 ነው። የሌላው ኮሌጅ ልጆች ከ6ኛ እስከ 10ኛ ተከታትለው ገቡ። ድምሩ 40 ነው። ሦስቱን ሜዳሊያ ጠራርጎ የወሰደው ቡድን ዋንጫውን አጣ ማለት ነው።

ስለዚህ ሁለቱ ጎበዞችዎ የትም አይሄዱም፤ ዘንድሮም ቀድመው ይገባሉ። የቡድንዎ ዕድል ያለው ግን አምስተኛው ልጅ እጅ ላይ ነው። ምናልባት አሁን ጠዋት ጠዋት ከልምምድ የሚቀረው ልጅ ይሆናል። ሴቶቹ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። 5 ናቸው። ውድድሩ በ5 የሚቆጠር ከሆነ አንዷ ከቀረች የሴት ቡድን የለዎትም። ስለዚህ ልምምድ ከመጀመርዎ በፊት አወዳዳሪዎቹን ይጠይቁ። በስንት ሰው ነው የሚቆጠረው? ርቀቱስ? በአሜሪካ በዋናው የኮሌጆች ሻምፒዮና ወንዶች 10 ኪሎ ሜትር፣ ሴቶች 6 ኪሎ ሜትር ይሮጣሉ። የዓለም ሻምፒዮናው ግን ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁለቱም 10 ኪሎ ሜትር ነው። የእርስዎ ሴቶች የሚሮጡት 6 ይሁን 10 ሳያውቁ የሳምንቱን ፕሮግራም ማውጣት አይቻልም።

ይህን ያህል የምወተውትዎ ስላጠፋሁበት ነው። የመጀመሪያ ቡድኔን ስይዝ 11 ልጆች ነበሩኝ። ሁሉንም በፈጣኑ ልጅ ፍጥነት አስሮጥኳቸው። የቻለ ይከተል፣ ያልቻለ ይለምደዋል አልኩ። በሦስት ወር 6 ልጆች ለቀቁ። አንዷ ልጅ ቅልጥሟን እንደሚያማት ነግራኝ ነበር። «ሲሞቅሽ ይለቅሻል» አልኳት። ከሁለት ሳምንት በኋላ አጥንቷ መሰንጠቁ በራጅ ታየ። ወደ ሩጫ አልተመለሰችም። እስከ ዛሬ አንድ ልጅ ቅልጥሜን አመመኝ ሲለኝ ሥራዬን አቁሜ በጣቴ አጥንቱን እየጫንኩ አያለሁ። ሕመሙ ሰፋ ያለ ከሆነ ጡንቻ ሊሆን ይችላል። አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ሲጫኑት የሚያስጮህ ከሆነ ግን ልጁ በዚያን ቀን አይሮጥም፤ ሐኪም ያየዋል። ይህን ከእኔ ስህተት ይውሰዱት።

አሁን ወደ ሳምንቱ። እኔ ብሆን ጠንካራውን ልምምድ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ አደርገዋለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ረቡዕና ዓርብ ከልጆቹ ብዙዎቹ ይጾማሉ። የሚጾም ልጅ ጠዋት ኢንተርቫል (በጥንካሬ ሮጦ፣ ትንሽ አርፎ፣ እንደገና መሮጥ) ሠርቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ ከዋለ ልምምዱ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ሰውነት የሚጠነክረው በሩጫው ሰዓት ሳይሆን ከሩጫው በኋላ በሚበላውና በሚተኛው ነው። ስለዚህ ሰኞና ረቡዕ ቀላል ሩጫ ነው፤ 40 ደቂቃ፣ እያወሩ። ማውራት ካቃታቸው ፈጥነዋል ማለት ነው። ዓርብ እረፍት። እሑድ የቤተ ክርስቲያንና የልብስ አጠባ ቀን ነው፤ አይንኩባቸው። በዐቢይ ጾም ጠንካራዎቹን ቀኖች ከሦስት ወደ ሁለት ያውርዱ። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ሙስሊም ልጆችዎ ከአፍጥር በፊት ባለው ሰዓት ቀለል አድርገው ቢሮጡ ይሻላል፤ ወዲያው ውሃና ምግብ ያገኛሉ። ለብቻቸው እንዳይሆኑም በየቀኑ አንድ የማይጾም ጓደኛ አብሯቸው ይውጣ።

የማክሰኞው ልምምድ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ 14 የተለያየ አቅም ያላቸው ልጆችን አንድ ላይ የሚያቆየው እሱ ነው። ጃንሜዳ ለእርስዎ ቅርብ ነው። ሜዳው ሳርና አፈር ነው፤ ለአገር አቋራጭ ከዚህ የተሻለ በከተማው መሃል የለም። በርቀት አያስሩጧቸው፤ በጊዜ ያስሩጧቸው። ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም 3 ደቂቃ ጠንከር አድርጎ ይሮጣል። ፊሽካው ድጋሚ ሲነፋ ያቆማሉ። እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር። ፊት ያሉት ዞረው በሶምሶማ ወደ መጨረሻው ልጅ ይመለሳሉ። 2 ደቂቃ ተኩል ይበቃል። ከዚያ ሁሉም ከአንድ ቦታ እንደገና ይነሳሉ። አምስት ወይም ስድስት ዙር እንዲህ ይሠራሉ። ጎበዞቹ በጥቅሉ ብዙ ርቀት ይሮጣሉ፤ ደካማው ደግሞ አንድም ጊዜ ብቻውን አይቀርም።

ልጆቹ ለምን እንመለሳለን ቢሉዎት በ2004 እ.ኤ.አ. የተካሄደውን የአቴንስ 10 ሺህ ሜትር ፈልገው ያሳዩዋቸው። ቀነኒሳና ስለሺ በኦሊምፒክ ፍጻሜ መሃል ወደ ኋላ እየዞሩ ኃይሌን ይፈልጉት ነበር። እነሱ አንደኛና ሁለተኛ ወጡ። ኃይሌ እግሩን እያመመው 5ኛ ገባ። ያንን ሩጫ ያየ ልጅ ፊሽካ ሲነፋ ለመመለስ አያጉረመርምም።

ሐሙስ ዳገት ነው። ከሽሮ ሜዳ በላይ እንጦጦ አጠገብዎ ስላለ ዳገት ፍለጋ አይደክሙም። አስፋልቱን ይተዉት፤ የመኪና ጭስም አለ፣ ለእግርም ክፉ ነው። የአፈር ዳገት ይምረጡ። 45 ሰኮንድ ሽቅብ፣ ቁልቁል በእርምጃ፣ 8 ጊዜ። ሲወርዱ አይሩጡ። ጉልበት የሚጎዳው ሲወጡ ሳይሆን ሲወርዱ ነው።

ቅዳሜ ረጅም ሩጫ ነው፤ ከ60 እስከ 80 ደቂቃ በባሕር ዛፉ ውስጥ። ጎህ ሳይቀድ እንዳይገቡ። ጅብ አለ፤ ሥሩና ድንጋዩም በጨለማ አይታይም። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጫካው ጫፍ ቢደርሱ ጥሩ ነው። አሯሯጡ የአገራችን ሯጮች የሚያውቁት ነው፤ አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፎ፣ በዛፎቹ መሃል ተጠማዝዞ፣ የፊተኛውን እግር እየተከተሉ። ይህ ከውጭ የምንዋሰው ወግ አይደለም። እጃችን ላይ ያለ ሀብት ነው። የፊተኛው ድንጋይ ሲያይ በእጁ ያሳያል፤ ምልክቱ እስከ ኋላ ይተላለፋል። በየ10 ደቂቃው መሪ ይቀያየራል። አንድ ሕግ ይጨምሩበት፤ በቅዳሜው ሩጫ ቢያንስ አንዱን 10 ደቂቃ አምስተኛው ልጅ ይምራ። ሁሌ ኋላ የሚሮጥ ልጅ ፊት ሆኖ 13 ሰው ሲከተለው አቋሙ ይለወጣል። ትከሻው ይስተካከላል። በዓይኔ አይቻለሁ።

ሁለቱ ጎበዞች በዚህ አይበደሉም ወይ? ተገቢ ጥያቄ ነው። ከቅዳሜው ሩጫ በኋላ ሌሎቹ ሰውነት ሲያፍታቱ እነሱ 20 ደቂቃ ጨምረው ይሩጡ። ሐሙስም ዳገቱን ከ8 ወደ 12 ያድርጉላቸው። የሚበልጥ አቅም ካላቸው ሳምንት ሙሉ እዚህ አያስቀሯቸው፤ ክለብ ያፈላልጉላቸው። ልጅን ለዋንጫ ሲባል ይዞ ማስቀረት በደል ነው።

የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። ኮሌጅ ከየክልሉ ልጅ ይሰበስባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ እንጦጦ አናቱ ከ3,000 ያልፋል። ከበቆጂ ወይም ከደብረ ብርሃን ለመጣ ልጅ ይህ ምንም አይደለም። ከጋምቤላ፣ ከአፋር ወይም ከድሬዳዋ የመጣው ግን አየሩ ያንሰዋል። ልቡ ይመታል፣ እንቅልፉ ይቆራረጣል፣ ራሱን ያመዋል። ብዙ አሠልጣኝ ይህን ስንፍና አድርጎ ያየዋል። ስንፍና አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ቀላል ሩጫ ብቻ ይስጡት፤ እንጦጦንም ያቆዩለት። ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ስለ ምግብ በአጭሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ተማሪዎች ካፌ ሄደው ኃላፊውን ያነጋግሩ። ልጆቹ ከልምምድ ሲመለሱ ቁርስ ካለቀ ቡድንዎ ይፈርሳል፤ ጠዋት የሚቀሩብዎ ልጆች ምናልባት እንቅልፍ ሳይሆን ቁርስ መርጠው ይሆናል። 14 ሰሃን እንዲቆይላቸው ይለምኑ፣ ካስፈለገም ደብዳቤ ያጽፉ። እስከዚያ በሶ በጠርሙስ በጥብጠው ይምጡ። ከምግብ ጋር ሻይና ቡና አያስከትሉ፤ ምግቡ ውስጥ ያለውን አይረን፣ ማለትም ለደም የሚያስፈልገውን የብረት ማዕድን፣ ሰውነት በደንብ እንዳይወስደው ያደርጋሉ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ይጠጡ። ምስር ላይ ሎሚ መጭመቅ ደግሞ ይረዳል።

ለሴቶቹ ይህ የበለጠ ያስፈልጋል። ድካሙ አልለቅ ያላት ልጅ የአይረን ክኒን ከመዋጧ በፊት ደሟን ትመርመር። የወር አበባዋ የቀረባት ሯጭም ብዙ ጊዜ ከምትበላው በላይ እየሮጠች ነው፤ አጥንቷ ይሳሳል። ይህን ለእርስዎ መናገር ያፍሩ ይሆናል። ስለዚህ የሚያምኗት አንዲት ሴት መምህር ወይም ነርስ ከቡድኑ ጋር ያገናኙ። በጨለማ ከዶርም እስከ ጃንሜዳ ብቻቸውን እንዳይመጡም በሩ ላይ ተሰብስበው አብረው ይውጡ።

አሁን ወደ ወጉ ልምጣ። ወግ በስብሰባ አይወሰንም። አንድ ነገር ሳይቋረጥ ሲደጋገም ወግ ይሆናል። ስለዚህ ጥቂት ይምረጡና አይልቀቁ። እኔ ያየኋቸውን ልንገርዎ።

አንደኛው ሰዓት ነው። 12 ሰዓት ከተባለ 12 ሰዓት ነው፤ መጀመሪያ የሚደርሰው ደግሞ አሠልጣኙ ነው። ዝናብ ቢዘንብ፣ አንድ ልጅ ብቻ ቢመጣ፣ እርስዎ በሩ ላይ አሉ። ይህን አንድ መንፈቅ ካደረጉት ሌላ ቁጣ አያስፈልግዎትም። የቀረ ልጅ ሲኖር አይሳደቡ። ከቡድኑ አንዱ ዶርሙ ሄዶ ይይ። ታሞ ይሆናል፣ ለሚድ ፈተና ሲያጠና አድሮ ይሆናል፣ ወይም ጫማው ተቀዶ አፍሮ ይሆናል።

የጫማው ነገር እውነተኛ ችግር ነው። አንድ ቡድን ይህን በእቁብ ሲፈታው አይቻለሁ፤ ከዚያ የበለጠ ያማረ የቡድን ወግ አላውቅም። ልጆቹ በየሳምንቱ ትንሽ ያዋጣሉ። ቅዳሜ ከረጅሙ ሩጫ በኋላ ቁርስ ላይ ዕጣ ይወጣል። የደረሰው ጫማ ይገዛል። ሌላ ነገር መግዛት የለም፤ ሰኞ አዲሱን ጫማ አድርጎ ይመጣል፣ ሁሉም ያየዋል። ዳኛው ከተማሪዎቹ አንዱ ይሁን። እርስዎ ገንዘቡን አይንኩ። ማዋጣት የማይችል ልጅ ካለ ግን ለዳኛው ብቻ ነግረው እርስዎ በዝምታ ይክፈሉለት ወይም ዕጣውን ቀድመው ያውጡለት። አንድ ዙር ሲያልቅ 14ቱም ጫማ አላቸው። እቁብ የገባ ልጅ ደግሞ ቡድን ጥሎ አይሄድም፤ የጓደኞቹ ዕጣ ገና አልወጣማ።

የቅዳሜው ቁርስ ራሱ ወግ ነው። ፍርፍርም ቢሆን ቂንጬም ቢሆን በአንድ ትሪ ይብሉ። አዲስ የገባ ፍሬሽ ካለ የመጀመሪያውን ጉርሻ የቡድኑ አምበል ያጉርሰው። በየቦታው ፍሬሾችን ማሸማቀቅ፣ ዕቃ ማሸከም፣ በሰው ፊት ማሳቀቅ እንደ ወግ የሚቆጠርበት ቡድን አለ። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ይከልክሉ። ውሃ የሚሸከመው በተራ ነው፤ ጎበዙም ሲኒየሩም ተራው ሲደርስ ይሸከማል።

ሌላው ሰዓት የሚያዝበት ቀን ነው። በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ጃንሜዳ ላይ አንድ የማይቀየር ዙር ለክተው ሁልጊዜ በዚያው ያስሩጧቸው። ለጥምቀት ታቦታቱ ጃንሜዳ ሲወርዱ ሜዳው የሕዝብ ነው፤ የጥሩ ልኬታ ግን ከጥምቀት በኋላ ስለሚውል አይነካም። የአሜሪካ ኮሌጅ አሠልጣኞች ከአንደኛው እስከ አምስተኛው ልጃቸው ያለውን የሰዓት ልዩነት ይከታተላሉ። እርስዎም ይከታተሉ። ሰሌዳ ላይ የአንደኛውን ሰዓት ብቻ አይጻፉ። የአምስተኛውን ሰዓትና ልዩነቱን በትልቁ ይጻፉ። ልዩነቱ ከወር ወር ሲጠብ ልጆቹ ራሳቸው ያዩታል። ቡድኔ ውስጥ ጎበዙ ልጅ የአምስተኛውን የሩጫ ጫማ ክር ሲያስር ያየሁት ይህን ከጀመርኩ በኋላ ነው።

በዚያ ልኬታ ላይ ሁሉም ዙሩን ጮክ ብሎ ይቁጠር። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል። በ1981 እ.ኤ.አ. በማድሪድ የዓለም አገር አቋራጭ ላይ የእኛ ሯጮች ፊት ፊቱን ይዘው ሳለ ዙር ተሳሳቱ። የመጨረሻው ዙር መስሏቸው ተፈተለኩና ጨረሱ። አንድ ዙር ቀርቶ ነበር። መሐመድ ከድር እንደገና ተነስቶ ሮጦ ሁለተኛ ወጣ፤ አንደኛነቱ ለአሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂን ሆነ። ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አያልቅም። የቡድኑን ዋንጫ ኢትዮጵያ ወሰደች። እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ድረስም አምስት ጊዜ በተከታታይ አልለቀቀችም። ፊተኞቹ ቢሳሳቱም ከኋላ የሚከተል ሰው ነበረና። ይህን ለልጆችዎ ይንገሯቸው፤ በተለይ አምስተኛው ልጅ ባለበት።

በመጨረሻ አንድ ደብተር ይግዙ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ። ስንት ሰዓት ተኛ፣ ጠዋት ከአልጋ ሳይነሳ የልብ ምቱ በደቂቃ ስንት ነው፣ የሚያመው ነገር አለ? ምቱ ከወትሮው በ8 ወይም በ10 ከጨመረ በዚያን ቀን ቀላል ሩጫ ይሰጠዋል፤ ማክሰኞም ቢሆን። የፈተና ሰሞን ይህ ቁጥር በሁሉም ላይ ሲጨምር ያያሉ። ያን ሳምንት ዳገቱን ይሰርዙት። ለ10 ቀን ቀለል ብሎ የሮጠ ልጅ አቅሙ አይጠፋም፤ ፋይናል የወደቀ ልጅ ግን በሚቀጥለው መንፈቅ በሩ ላይ አያገኙትም።

የውድድሩን ደንብ ካገኙ በኋላ ቀኑንና ርቀቱን ይጻፉልኝ። የቀሩትን ሳምንታት ቆጥረን ፕሮግራሙን አብረን እናወጣዋለን።